አፍ መፍቻና ተወላጅነት፤ የባዕድን ቋንቋ እንደ አገሩ ሰው ስለ መናገር

አንድ ሰው ካደገ በኋላ የተማረውን ቋንቋ ሲናገር ሰምተን ከወደድነው «ልክ እንደ አገሩ ሰው ይናገራል» እንላለን። ይህ አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ ምስጋና ነው። የቋንቋ ጥናት ግን ምስጋናውን መለኪያ ሊያደርገው ሲነሣ «የአገሩ ሰው» የተባለው ማን እንደ ሆነ፣ በምንስ እንደሚታወቅ ለይቶ መናገር ይኖርበታል። በአማርኛ በተጻፉ የቋንቋ ጥናቶች ውስጥ ለዚህ ሰው ሁለት ስያሜዎች ጐን ለጐን ሲሠራባቸው ይታያል። አንደኛው «ተወላጅ ተናጋሪ» የሚለው ሲሆን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ ነው። ሁለተኛው «የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተናጋሪ» የሚለው ነው። ተርጓሚዎች ሁለቱን እንደ አንድ ቈጥረው አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባሉ። እኛ በበኩላችን ሁለቱ አንድ አይደሉም እንላለን። ልዩነታቸው የጆሮ ጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ ማንን ምስክር አድርገን እንደምንቀበልና ለማን እንደምንጽፍ የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው። ነገሩን በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይም ደልጊ ባለችበት ወገን እንመለከተዋለን፤ የሰውን ቋንቋ የተማሩ ሰዎች ታሪክ በዚያ አካባቢ ከብዙ አቅጣጫ ተገናኝቷልና።

አስቀድመን ቃላቱን እንመርምር። «ተወላጅ» ወለደ ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ የሚያመለክተው ዘርንና አገርን ነው። «የጎጃም ተወላጅ» ስንል ሰውየው ከየት እንደ ሆነ ተናገርን እንጂ በምን ቋንቋ እንደሚያስብ ገና አልገለጽንም። «መፍቻ» በአንጻሩ ፈታ ከሚለው ግስ የተገኘ የመሣሪያ ስም ነው፤ የጋራዥ ሠራተኛም ብሎን የሚፈታበትን ብረት በዚሁ ስም ይጠራዋል። ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ቋንቋው ታስሮ የነበረውን አፍ የሚፈታ መሣሪያ ሆኖ ይታያል። ብዙዎቹ የአውሮጳ ቋንቋዎች ይህንኑ ነገር «የእናት ቋንቋ» ሲሉት፣ የእኛው ስያሜ ወላጅን ከነጭራሹ አያነሣም። የሚጠይቀው ልጁ አፉን በምን እንደ ፈታ ብቻ ነው። ከዚሁ ጋር ተኮላተፈ የሚለውን ግስ ልብ ማለት ይጠቅማል። ቃሉ አፉን በመፍታት ላይ ላለ ሕፃንም፣ ቋንቋችንን ጐልምሶ ለሚማር የውጭ አገር ሰውም እኩል ይነገራል፤ ሕዝቡ ሁለቱን በአንድ መንገድ ላይ እንዳሉ ተጓዦች አድርጎ ያያቸዋል ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ተወላጅ ተናጋሪ» የሚለው ስያሜ የሚያሳስትበትን ቦታ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ አፉን በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ የፈታ ልጅ በዘር ከተቈጠረ «ተወላጅ» ነው። አያቱ በስልክ ስታናግረው የምትለውን ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ይኮላተፋል። ዘሩ ከአማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ሆነ ብቻ የአማርኛ ተወላጅ ተናጋሪ ብንለው ስያሜው የሚለካው ነገር አይኖረውም። የዚህ ተቃራኒ የሆነውንና የሚበልጠውን ምስክርነት የምናገኘው ግን ከሐይቁ ዳር ነው።

ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ፣ የጣናም ወደብ ናት። በሐይቁ ዳር በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጎርጎራ፣ በስተ ደቡብ ቁንዝላ፣ ከዚያም ርቀው ዘጌና ባሕር ዳር ይገኛሉ፤ ከጣቁሳ በስተ ሰሜን የጭልጋ ምድር ነው። በሐይቁ ዙሪያ በተለያዩ ቦታዎች የሚኖሩት ወይጦዎች ከጥንት በጉማሬ አደን የታወቁ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ከውሃው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የቀድሞ ቋንቋቸው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ግን ሊቃውንት እስከ አሁን ይከራከሩበታል።

ስለዚሁ ቋንቋ ቀድሞ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ ነበር። ሉዶልፍም ራሱ ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው በተለይ ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ሲሆን፣ አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ሄደው አብረው ሠርተዋል። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ታተሙ። የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ድምፅ በጀርመናዊ ብዕር ተጽፎ፣ ከ70 ዓመት በኋላ በስኮትላንዳዊ አፍ ወደ ጎንደር ተመለሰ ብንል ብዙ አላጋነንንም። መዝገበ ቃላት ይህን ያህል ይሠራል፤ የማይሠራውን ደግሞ ከዚህ በታች እናያለን።

ብሩስ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ቋንቋውን ለመመርመር ፈልጎ ሁለት ሰዎች በንጉሡ ትእዛዝ እንዲመጡለት ቢያደርግም፣ ሰዎቹ በስቅላት ተዛቶባቸው እንኳ ለጥያቄዎቹ መልስ ሳይሰጡ፣ የገባቸውም ሳይመስሉ ቀርተዋል። በዛቻ የተሰበሰበ ቃል ቃል አለመሆኑን የዛሬ የመስክ ተመራማሪ ሁሉ ያውቃል። የሰዎቹ ዝምታ ቋንቋ አለመቻል ይሁን ልብ አለመስጠት ለመለየት አይቻልም፤ ስለዚህ የብሩስን ጽሑፍ በጥንቃቄ እንቀበለዋለን። ከዚያ 137 ዓመት ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ወይጦዎች ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ዘገበ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮልም እ.ኤ.አ. በ1928 በዚያ ሲያልፍ ያገኘው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋቸው አንድ ዘፈን እንደ ዘፈነለት፣ ዘፋኙ ራሱ ግን ከጥቂት የጉማሬ አካል ስሞች በቀር ትርጉሙን እንደማያውቅ ጽፏል። ግሪዮል የሰበሰባቸውን ቃላት ማርሴል ኮኸን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያሳትም ምንጫቸው የማይታወቅ ሆነው ያገኛቸው ስድስት ብቻ ነበሩ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጠይቅ ከጥንቱ ቋንቋ የተረፈ አንድም ቃል አላገኘም።

በኮኸን ጥናት ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ከስድስቱ ቃላት ይልቅ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ይኸውም የወይጦዎች አማርኛ ሥራቸው የአማርኛ ሆኖ ሳለ ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው ሆን ተብሎ የተጣመመ፣ ባዕድ እንዳይሰማቸው የተሠሩ ቃላት ነበሩት። ቋንቋን ማጣመም የሚችል ደግሞ ቀጥ ያለውን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ብቻ ነው። የከተማ ልጆች በየቃሉ መካከል ድምፅ እየሰነቀሩ የሚነጋገሩበት «የወፍ ቋንቋ»፣ ወይም ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ ያወጣቸው የየማኅበሩ ምስጢራዊ አነጋገሮች ሁሉ የሚሠሩት አፍ በፈቱበት ቋንቋ ላይ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ሊቅ መሆን ይቻላል፤ ሌላው እንዳይገባው አድርጎ ቋንቋውን እንደ ጭቃ እያድቦለቦሉ መጫወት ግን እምብዛም አይቻልም። ስለዚህ በዘር ሲታዩ የአማርኛ «ተወላጅ» ሊባሉ ያልቻሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች በአፍ መፍቻ ሲመዘኑ ሙሉ ባለቤቶች ሆነው እናገኛቸዋለን። ተመሳሳይ ለውጥ በጭልጋና በአካባቢው በቅማንት ሕዝብ ዘንድ ሲካሄድ በዘመናችን ታይቷል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን ሲሉ፣ ቅማንትኛን የመጀመሪያ ቋንቋቸው አድርገው ያስመዘገቡት 1,650 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቍጥር ጀርባ ያለውን ኀዘን አንዘነጋም፤ የአንድ ቋንቋ አፍ ሲፈታ የሌላው የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ግለሰቡ እንመለስ። ሕዝብ በትውልድ ቅብብል ያደረገውን አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሊያደርገው ይችላልን? ጎርጎራ ላይ የሞተው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከታሪክ ሰዎች ሁሉ በዚህ ረገድ ይመሰገናል። እ.ኤ.አ. በ1564 ተወልዶ በ1603 ምጽዋ ሲደርስ 39 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1622 እስኪሞት ድረስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ሲናገርና ሲከራከር ኖረ። አንደበቱ መስላቱ የተመሰከረ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሲናገር መደመጡና የአገሩ ሰው መስሎ መደመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ድምፁን የቀዳልን ስለሌለ በሁለተኛው ላይ ፍርድ አንሰጥም።

ያለፈው ግማሽ ምእት ዓመት ምርምር ግን በጉዳዩ ላይ ጥቂት የማይባል ብርሃን ሰጥቷል። ኤሪክ ሌነበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋ በቀላሉ የሚገባበት የተወሰነ የዕድሜ ወቅት እንዳለና ወቅቱም ከጉርምስና ጋር እንደሚያበቃ አስተማረ። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ጥናት ደግሞ የጆሮው በር ከዚያም በፊት መጥበብ እንደሚጀምር አሳየ። ከ6 እስከ 8 ወር የሆናቸው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ልጆች የሂንዲኛንና የአንድ የካናዳ ቀደምት ሕዝብ ቋንቋን ድምፆች ሲለዩ፣ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት አብዛኞቹ ግን መለየት አቃታቸው። ከተፈተኑት ጥንዶች አንዱ ልክ እንደ እኛ ቀ አየሩ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ የሚወጣበት ድምፅ ነበር። ዣክሊን ጆንሰንና ኤሊሳ ኒውፖርት እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ የገቡ 46 የኮርያና የቻይና ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ከ7 ዓመታቸው በፊት የገቡት ከአገሩ ሰው ሳይለዩ፣ ከዚያ በኋላ የገቡት ግን ዕድሜያቸው እየጨመረ በሄደ መጠን እየራቁ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የጆሹዋ ሃርትስሆርንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ሰዋስው የመማር ችሎታ እስከ 17 ዓመት አካባቢ ሳይዝል እንደሚቈይ ገመተ። እንግዲህ በሩ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ አይደለም። የድምፁ ቀድሞ ይጠባል፤ የሰዋስው ይዘገያል፤ የቃላት ግን እስከ ዕለተ ሞት ክፍት ነው። ከ1970ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት፣ ተልከው የተማሩትን በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ያስታወሰ ሰው ነገሩ ከመጽሐፍ ውጭም እውነት መሆኑን ያውቃል፤ ብዙዎቹ እስፓኒሽን እስከ ዛሬ በኩባ ቅላጼ ይናገሩታል።

ለጐልማሳ ተማሪ ግን ተስፋው ፈጽሞ አልተቈረጠም። ኔዘርላንዳዊው ቴዮ ቦንጋርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛን ዘግይተው ከተማሩ ኔዘርላንዳውያን መካከል እንግሊዛውያን ዳኞች ከራሳቸው ሰው ያልለዩዋቸው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች በድምፅ ትምህርት ጆሯቸው በብርቱ የሠለጠነ ነበር። ጆሮ የተወውን ትምህርት ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው፤ የሚመልሰው ግን ልዩነቱ ተጠቅሶ፣ ተጽፎ፣ ተጠርቶ ከታየው ነው። የእኛ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ኀላፊነት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

አማርኛን ከጥሩ መጽሐፍ የተማረ አንድ የውጭ አገር ሰው በሐይቁ ታንኳ ደልጊ ወርዶ ገበያ ገባ እንበል። ቀረሶ ለመግዛት ፈልጎ «ከረሶ» ይላል፤ ይህን ሰሚው በቀላሉ ያርምለታል። «ወንድሜ መጣ» ለማለት «ወንድሜ መታ» ሲል ግን ጠብ አወራ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በፊደል የማይታየው ስሕተት ነው። «ዓሣ አለ?» ብሎ ለውን ካላጠበቀው ዓሣው ምን እንደ ተናገረ የጠየቀ ያህል ነው። ዋና ሲላላ በሐይቁ ውስጥ የሚዋኙት፣ ሲጠብቅ የነገር አውራ ነው። ሰፊ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። ገና ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ ነው። ከጣና የሚወጣውን ወንዝ በወጉ ካላጠበቀው ትልቁን ዓባይ ሐሰተኛ ብሎ ይሰድበዋል። ይበላል ስንል ሰውየው የሚበላ ይሁን የሚበላው እንጀራ የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ብቻ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ይህን ሁሉ ፊደል ሳይቈጥር ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ጸሐፊዎቻችን ምልክት አላስፈለጋቸውም። ጽሕፈታችን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ወደ አፍ መፍቻ ተናጋሪ የሚላክ ደብዳቤ ነበረ።

ዓሣ ሻጪቱ ለእንግዳችን «ቈየት ብለው ይምጡ» ስትለው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። «ቈየ» የሚለውን ያውቃል፤ «ቈየት አለ» ግን ትንሽ መቈየት መሆኑን ማን ነገረው? በአማርኛ አለ ከሚለው ግስ ጋር እየተጣመሩ የሚነገሩት ቃላት ብዛታቸው የሚያስደንቅ ነው። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ፈገግ አለ የመሳሰሉትን መጻሕፍት ሁሉ ያስተምራሉ። ከየግሱ እንደ ልብ የሚወጡትን ግን እምብዛም አያነሡም። ሰበር አለ ሲባል መሰበሩ ጥቂት፣ ስብር አለ ሲባል ፈጽሞ ነው። ጋደም አለ፣ ቆም አለ፣ ሄድ ሄድ አለ፣ ፈጠን አለ የሚሉት የነገሩን ልክ የሚቀንሱ ናቸው። ያለ እነዚህ የሚነገር አማርኛ ስሕተት የለበትም፤ ግን ደረቅ ነው፤ ሰሚው ምን እንደ ጐደለው ሳያውቅ ባዕድነቱን ያውቃል። በእኛ ግምት ድምፁን ካሳመረ በኋላ የውጭ አገር ተማሪን ከአገሩ ሰው የሚለየው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር እንጨምር። በአዲስ አበባ የተዘጋጁ የማስተማሪያ መጻሕፍት ለአክብሮት «እርስዎ» ይላሉ። በጎንደርና በጎጃም ገጠር ግን ሽማግሌ «አንቱ» ሲባል፣ ታላቅ ወንድም የሚሆን ሰውም በስሙ ላይ «አያ» ተጨምሮለት ሲጠራ እንሰማለን። እሺታን አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ መግለጽም አለ፤ ይህ ድምፅ ከቃላት ስለማይቈጠር በየትኛው ፊደል ሥር እንደምናገባው ገና አልመከርንበትም። የማያውቀው እንግዳ ሰውየው ደነገጠ ብሎ ያስባል።

የጽሕፈት ምልክት ጉዳይ ከተነሣ ዘንድ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ ማድረጉ የታወቀ ነው። ሌሎች ጸሐፊዎች አልተከተሏቸውም። ልብ ወለድ አንባቢው አፍ የፈታ ነውና ላይከተሉ ይችላሉ፤ መዝገበ ቃላት ግን ምክንያት የለውም። ቀድሞ ማተሚያ ቤቶች ነጥቡን የሚያሳርፉበት ሆሄ አልነበራቸውም ይባል ነበር። የማጥበቂያው ምልክት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ይህ ምክንያት ከተሻረ ቈይቷል።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ግዕዝ አፍ የሚፈታበት ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም በጣና ገዳማትም ሆነ በሌሎች የአብነት ትምህርት ቤቶች ንባቡ ሳይዛባ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል። ይህ የሆነው የንባብ ቤት መምህራን በጽሕፈት የማይታየውን ነገር ለይተው ስም ስላወጡለት ነው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያሉ የቃልን አጣጣል ከፈሉት፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለዩት፤ ልጁን ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ በደረጃ አሻገሩት፤ በሳተ ጊዜ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል። አፍ የፈታበት ሰው የሌለው ቋንቋ እንደ ባለቤቱ ሆኖ የሚነበብበትን ዘዴ ያህል ለሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት የሚቀርብ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሥነ ድምፅ ስያሜዎችን ከውጭ ከመቅዳታችን በፊት ይህን ሣጥን ከፍተን ማየት ነበረብን።

ለባዕድ ተማሪ በማሰብ ቀድሞ የሠራው ሰውም ከሐይቁ ዳር የወጣ ነው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ሰዋስው፣ በ1908 የመንገደኛ መምሪያ አሳተመ። መምሪያው የተጻፈው በፈረንሳይኛና በአማርኛ፣ በንግግር መልክ ነው። አፈወርቅ የቃል ዝርዝር ብቻ ሰጥቶ አልተወም፤ ሰዎች ሲጠያየቁና ሲመላለሱ አሳየ። በዚያው ዓመት ሮም ላይ የወጣው ልብ ወለዱ ስሙን ይበልጥ ስላስጠራለት ይህኛው ሥራው ተረስቷል። የአማርኛ መማሪያ ለውጭ ሰዎች የሚያዘጋጅ ሁሉ ቢያገላብጠው ይጠቀማል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት በሙያ ቃላት ረገድ የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። «ተወላጅ ተናጋሪ» የሚለው ቀርቶ «የአፍ መፍቻ ተናጋሪ» የሚለው ይጽና። ቢያጥር ይሻላል ብለው «አፈ ፈት» የሚል ስያሜ ያቀረቡ አሉ፤ «ፈት» በአገራችን ከባሏ የተለየች ሴት ስለ ሆነች ሳቅ እንዳይከተል እንፈራለን። «አቀላጣፊ ተናጋሪ» የሚለው ሳይሰናከል ለሚናገር ሁሉ፣ በየትም ዕድሜ ይጀምር፣ ይዋል፤ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ጋር ግን አይቀላቀል። ፓኤዝ በእርግጥ አቀላጣፊ ነበር፤ የወይጦው ታንኳ ሠሪ የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ነው። በቃላት ስብሰባም የሐይቁን ቃላት ለማጣራት ደልጊ ወይም ባሕር ዳር የሚሄድ ባልደረባችን ስለ ደንገል፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ አምባዛ መጠየቅ ያለበት ውሃው ላይ የሚውለውን ሰው ነው። የሰጪውን የዘር ሐረግ ከቃሉ ጐን መመዝገብ ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ ቃሉን ለመቀበል ወይም ለመጣል ግን መስፈርት ሊሆን አይገባም።

የቀሩት ኮኸን ምንጫቸውን ያጣላቸው ስድስቱ ቃላት ናቸው። ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት፣ ቅንታት ክንፍ፣ ችግምቢት ትንኝ፣ አኔሳ ትከሻ፣ እንኪየስ የጉማሬ ጭን፣ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ። ከጥንቱ ቋንቋ የተረፉ ናቸው ወይስ ሌላ ምንጭ አላቸው የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪዎች በአማርኛ ንግግራቸው ውስጥ የተገለገሉባቸው ስለ ሆኑ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «የጣና ዳር፣ ጥንታዊ» የሚል ምልክት ተደርጎላቸው እንዲገቡ እናሳስባለን። አኔሳ ሲገባ በኔውም በሳውም ላይ የማጥበቂያው ነጥብ ይደረግ፤ ሁለቱም ጠብቀው ነው የተመዘገቡት።